ከመዝገቡ ያልወጣ ስም

ሐሙስ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

ከአርባ ሁለት ተማሪ የመጡት አሥራ ዘጠኝ። ቡናው ቀልቷል፤ ልጅ ሁሉ ከእናቱ ጋር ለቀማ ወርዷል። ለአሥራ ዘጠኙ ማካፈል አስተማርኩ። ጠመኔው እርጥብ ነው፣ አይጽፍም። ከሰዓት ዝናብ። የሦስተኛ ክፍል ጣሪያ ያንጠባጥባል... ባልዲ አስቀመጥን።

ባለቤቴ ጴጥሮስ ከሞተ ዛሬ ሦስት ሳምንት። በወባ። ወደ አባያ ቆላ ወርዶ አሥር ቀን ሲሰብክ ሰነበተ፤ በተመለሰ በአምስተኛው ቀን አረፈ። ይኸው ነው።

ይህን ደብተር ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። የማወራው ሰው ስለሌለኝ ይሆን? አለኝ እንጂ። ግን የማወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። "በረታሽ፣ ሸዋነሽ?" ይሉኛል፤ "ይመስገን" እላለሁ። እነሱም ደስ ይላቸዋል፣ እኔም እገላገላለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 6

ጸሎት ቤት። አቶ ተሻለ ሰበኩ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ናቸው። ጴጥሮስን ወንጌላዊ አድርገው ወደ ትውልድ መንደሩ ኢዲዶ የላኩት እሳቸው፣ የቀበሩትም እሳቸው። የዛሬው ስብከት ስለ ተዝካር ነበር። "ሙታንን መጥራት የአሮጌው ሰው ሥራ ነው። የሞተው በጌታ እጅ ነው፣ ተዉት። ተዝካር ያወጣ፣ የበላም፣ ከጌታ እራት ይታገዳል።" ወደ እኔ አላዩም። ጉባኤው ግን አየኝ። እናቴ ኦርቶዶክስ መሆኗን የማያውቅ የለም።

በቀብሩም ዕለት "አትዘኑ ተብለናል" ብለው ነበር። አላለቀስኩም። ሰው ይይልኝ ብዬ አይደለም... አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲህም አልመጣም። ስሙን ጮክ ብዬ አልጠራሁም፤ ሌላ ሰው ሲጠራው ወሬ እለውጣለሁ። እምነት ማለት ይህ ነው ብዬ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ለማንም ያልነገርኩት። ዛሬ መዝሙር ሲዘመር ድምፁን ላስታውስ ሞከርኩ። ሲዘምር ሁልጊዜ ከዜማው ወጣ ይላል፤ እኔም በክርኔ እጎሽመዋለሁ። ጉሸማውን አስታወስኩ። ድምፁ ግን አልመጣም። ገና በሦስት ሳምንት! ዓመት ሲሞላው ምን ሊቀረኝ ነው? ባስታውሰው ተዝካር ነው ይሉኛል። ባላስታውሰው... ሁለተኛ ልቀብረው ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

ጫማውን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጠሁት። ልክ ሆነለት። አሁን በየጠዋቱ የግቢው በር ላይ ያ ጫማ ቆሞ ይጠብቀኛል። ይህን አላሰብኩም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

እማዬ መጣች። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ካገባሁ አራት ዓመት ሆኖኛል... ሆኖኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስሙ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። "ያ ሰውዬ" ነው የምትለው። የጭሰኛ ልጅ፣ በዚያ ላይ የሚሲዮን። አባትሽ ቢኖር ጠብመንጃ ያነሣ ነበር ትለኛለች። አባቴ ጠብመንጃውን የሸጠው እኔ ሳልወለድ ነው።

ገና ሳትቀመጥ፣ "አርባው ሰኞ፣ በሃያ አንድ ነው" አለች። "ማርያም ላይ ዋለ። እንዲሁ አይደለም ይሄ።"

"እማዬ፣ እኛ አናወጣም።"

"እኛ ማን ነን?"

"ቤተ ክርስቲያናችን።"

"እነሱን ማን ጠየቃቸው? የማወጣው እኔ ነኝ። አንቺ መጥተሽ መቀመጥ ብቻ ነው።"

"ከጌታ እራት ያግዱኛል።"

"ሰው ሞቶ እንዲህ ዝም ይባላል እንዴ? ዶሮ ነው?"

ውኃ ጠጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ስትነሳ፣ "ለመሆኑ ስንት ዓመቱ ነበር?" አለችኝ። "ሠላሳ አንድ" አልኳት። በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ሄደች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

አቶ ተሻለ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ነበር። በአርባው ጉዳይ። "ወይዘሮ አትጠገብን ማክበር ያለ ነው፤ እናት ናቸው። ግን እንዳትቀመጪ።" "አልቀመጥም" አልኳቸው። "ጎበዝ" አሉኝ። ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ ጎበዝ ተባልኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 21

አልሄድኩም።

የማርያም ደወል ድምፅ ክፍል ድረስ ይሰማል። መስኮቱን ዘጋሁት። ሞቀን። ተማሪ ሃያ ሦስት። ማካፈል ዛሬም አልገባቸውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 22

ላምባ ልገዛ ሀዲጃ ሱቅ ገባሁ። ሀዲጃ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ከተማውን በሙሉ ታያለች።

"እናትሽን አየኋት ትናንት" አለችኝ። "ቄሱን ልታናግር ገብታ ስትወጣ ፊቷ ከል መስሏል። የሚሲዮን ሰው ስም አንጠራም አሏት አሉ። እሷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሌማቷን ይዛ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁጭ! ዳቦውን በገዛ እጇ እየቆረሰች፣ ለነዳያኑ ሁሉ 'ለጴጥሮስ ነፍስ ቅመሱ፣ ለጴጥሮስ ነፍስ ቅመሱ' እያለች። ፀሐይ ናላዋን እስኪያዞራት። ምን ዓይነት እናት አለችሽ!"

"ጴጥሮስ አለች?"

"ታዲያ ማን ትበል?"

አራት ዓመት ያልጠራችውን ስም ለማኝ ፊት ጠራችው። እኔ ሚስቱ መስኮት ዘግቼ አካፍላለሁ። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ ግን አላውቅም... በእሷ ነው? በአቶ ተሻለ? ላምባውን ሱቁ ውስጥ ረስቼው መጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 2

አቶ ተሻለ ደግሞ መጡ። አሁን የያዙት መዝገብ ነው፤ የኢዲዶ ምእመናን መዝገብ። ጴጥሮስ ነበር የሚይዘው። ዝናብ አግኝቶት ቀለሙ ፈስሷል።

"እህት ሸዋነሽ፣ ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው። በአዲስ ደብተር ገልብጪልን። ኅዳር አሥራ ስምንት እዚያ የጌታ እራት አለ፤ ይዘሽው ነይ።"

የኢዲዶን ልማድ አውቀዋለሁ። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት የእያንዳንዱ ሰው ስም ይጠራል። ባለ ስሙ ተነሥቶ "አለሁ" ይላል። የተጣላ ካለ ዝም ይላል፤ ታርቆ በሚቀጥለው ይመጣል። ጴጥሮስ ያስለመዳቸው ነው።

"የሞቱትን ተያቸው" አሉኝ።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።" ይህን ሲሉ መሬት መሬት አዩ።

ምክንያቱ የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው። ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ጥሩብርሃን። ባለቤታቸው ናቸው፤ አምና ነው ያረፉት። የተጠመቁት ኢዲዶ ስለሆነ ስማቸው እዚያው ነው የቆየው። አቶ ተሻለም ስማቸውን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

ትናንት ኅዳር ሲታጠን ነበር። ከተማው ቆሻሻውን ሁሉ ሲያቃጥል ውሎ ዛሬም ጭሱ አልወጣም። ዓይኔ ያለቅሳል። ያው ጭሱ ነው።

መዝገቡን በምሳ ሰዓት ጨረስኩት። በአሮጌው ላይ ስልሳ ሦስት ስም አለ። የሞቱት ዘጠኝ። ስለዚህ አምሳ አራት መሆን ነበረበት፤ ስቆጥር አምሳ አምስት መጣብኝ። ደግሜ ልቆጥር ስል ተደወለ። ይቅር።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ጴጥሮስ በየስሙ ጎን በእርሳስ ትንንሽ ነገር ጽፏል። "ጉልበቷን ያማታል፣ ጠይቅ።" "ላሙ ወለደችለት።" "ከወንድሙ አልታረቀም... ሐሙስ ሂድ።" በአንዱ ጎን "ቀልዱ አያስቅም፤ ግን ሳቅለት" ይላል። እነዚህን ገልብጪ አልተባልኩም፤ አልገለበጥኩም። አነበብኳቸው ግን። ሁለት ጊዜ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17፣ ኢዲዶ

እስከ ይርጋጨፌ በጭነት መኪና፣ ባዶ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ከዚያ በእግር። ጭቃው እስከ ጉልበቴ። በየደጁ ቡና ተሰጥቶ ሴቶቹ ያገላብጣሉ፤ "የጴጥሮስ ሚስት" እየተባባሉ ከሩቅ ሰገዱልኝ።

እናቱ፣ እማ ማርታ፣ እግሬን አጠበችኝ። እምቢ ብላት አልሰማችኝም። ቆጮ በጎመን በላን። ስለ እሱ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። አቶ ተሻለ እዚህም ያንኑ ስብከት ሰብከዋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 19

ተመለስኩ። የትናንቱን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ሕልም ነው የምለው።

ጸሎት ቤቱ ሞልቷል። ዳቦውና ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። አቶ ተሻለ "የጻፈችው ታንብብ" አሉ። ተነሣሁ። አዲሱን ደብተር ገለጥኩ።

"ቁጥር አንድ። ጴጥሮስ።"

በገዛ አፌ። ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። በአሮጌው መዝገብ የመጀመሪያው እሱ ነበር፤ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ጽፎታል። አምሳ አምስት የመጣብኝ ለዚህ ነው።

አንድ ሕፃን ሳለ። ደብተሩን ልዘጋው ስል ከሴቶቹ ወገን ድምፅ መጣ።

"አለች!"

እማ ማርታ ናት። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ልጇንም "ነች"፣ "መጣች" ነበር የምትለው። እሱ ይስቅ ነበር። ትናንት የሳቀ የለም።

አቶ ተሻለ ተነሡ። "እማ ማርታ፣ ስሕተት ነው። ስትገለብጥ ነው የተሳሳተችው። ይሰረዛል።"

"ምን ይሰረዛል?"

"የሞተ ሰው በመዝገብ አይኖርም።"

"በእናንተ መዝገብ አይኑር። ጌታ መዝገብ የላትም? እዚያ ሰረዘች?"

አቶ ተሻለ እንድትቀመጥ በእጃቸው አመለከቷት። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"እኔ ዳቦ አልጋገርኩም። ለጴጥሮስ ጸልዩ አላልኩም። ጴጥሮስ ደርሳለች፣ ጸሎት አትፈልግም። የምፈልገው እኔ ነኝ። ከቀበርናት ጀምሮ ስሟን የሚጠራ ጠፋ። ልጄ እንደ ሌባ ተደበቀች። አንተ ሽማግሌ ነህ፣ እዚህ ሁሉም ፊት ንገረኝ፤ አለች ወይስ የለችም? የለችም ካልክ ዳቦውን አልበላም፣ ቤቴ እሄዳለሁ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ቆሙ፣ ቆሙ። እኔም ቆሜያለሁ። በዚያች ሰዓት ከእሳቸው አፍ የምትወጣዋ ቃል ለእኔም ነበረች። የለም ቢሉ... እኔም ከእማ ማርታ ጋር እወጣ ነበር። ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም።

"አለ" አሉ በመጨረሻ። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ደገሙት። "በጌታ ዘንድ አለ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ስንት ናቸው የቀሩት?"

"ስምንት።"

"አሮጌውን ይዘሽዋል?"

"ይዤዋለሁ።"

"አንብቢያቸው።"

አነበብኩ። በየስሙ አንድ ሰው ከየተቀመጠበት "አለ"፣ "አለች" ይላል። አንዷ ስሙን ሳልጨርስ ነው የመለሰችው። አንድ ሽማግሌ ዘመድ አልነበራቸውም፤ ስማቸው ሲጠራ መላሽ ጠፋ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ መለሰላቸው። ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አቶ ተሻለን አየሁ። ራሳቸው "ጥሩብርሃን" ብለው ጠሩ። ራሳቸው "አለች" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ አምሳ አራቱን ጠራሁ። አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ... ዳቦው ሲቆረስ ያሉትም የሄዱትም አንድ ማዕድ ላይ የቀረቡ መሰለኝ። መሰለኝ ነው ያልኩት፤ አየሁ አላልኩም። እንባዬ መጣ። መሐረብ አልያዝኩም፤ በነጠላዬ ጠረግሁት።

ሲያበቃ አቶ ተሻለ ዋርካው ሥር ጠበቁኝ። "ያደረግነው ተዝካር ነው?" አሉኝ። እኔን!

"አላውቅም" አልኳቸው።

"እኔም።" አዲሱን ደብተር ከእጄ ተቀብለው፣ "በቀብሩ ዕለት ቃሉን ግማሽ ላይ ነው ያቆምኩብሽ። ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ ነው እንጂ ዝም በሉ አይልም። ያን ግማሽ የቆረጥኩት ለራሴ ነበር፤ አንቺንም ጎዳሁሽ።"

ምን ይባላል? "ደህና ይግቡ" አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 28

ከጌታ እራት በኋላ፣ እሑድ ማታ፣ እማ ማርታ የነገረችኝ እንዳይጠፋብኝ... በአምስት ዓመቱ የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ሰፈሩ በሙሉ ሲፈልገው ዋለ። የተገኘው በቆጮው ጠረን ነው አለች፤ ጠረኑ ሳምንት አልለቀቀውም። ፊደል የለየው ከቡና ጆንያ ላይ ነው፤ ጆንያ በተጫነ ቁጥር ተከትሎ እየሮጠ ያነብ ነበር። የመጀመሪያ ስብከቱን የሰበከው ለእሷ ብቻ ነው፤ እንሰት ስትፍቅ ፊቷ ቆሞ። መሐል ላይ ረስቶት "ቀሪውን ነገ" አላት።

የእኔ ደግሞ። ቆሞ ይበላል። ያንኮራፋል። እንግዳ ይዞ ሲመጣ አስቀድሞ አይነግርም፤ ስንት ቀን በዚህ ተጣላን! ሰው ሲያወራው ዓይኑን አይነቅልም። ተቆጥቼ ዝም ስል፣ ዝም ብሎ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። አይለምንም፣ አያባብልም። ይቀመጣል ብቻ።

ድምፁ መጣልኝ። ዛሬ ጠዋት፣ ፊቴን ስታጠብ። ከዜማው የወጣ፣ ያለ ጥርጥር የእሱ። ውኃው በእጄ ላይ እንዳለ ቆሜ ሰማሁት። ደስ አለኝ። ደስታ ይባላል? አዎ፣ ደስታ ነው። በጣም ናፍቆኛል። ይህንንም እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 8

እማዬ ቤት ሄድኩ። ምስር ትለቅማለች።

"ስለ ዳቦው ሰምቻለሁ" አልኳት።

"ልትቆጪኝ ነው?"

"ላመሰግንሽ ነው።"

ሰፌዱን አስቀመጠችው። "ዳቦውን ስሰጥ አንዲት ለማኝ 'ምን ዓይነት ሰው ነበሩ፣ እመቤቴ?' አለችኝ። አንድ ነገር አጣሁ። አራት ዓመት አማቼ ሆኖ አንዲት ነገር! እስቲ ንገሪኝ።"

ነገርኳት። የጉድጓዱን ስነግራት ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። የእርሳሱን ጽሑፍ ስነግራት "በእያንዳንዱ ሰው?" አለች። "በእያንዳንዱ።" እንሰት ፊት የሰበከውንም ነገርኳት። እያወራሁ ልብ አላልኩም እንጂ ስሙን ስንት ጊዜ እንደጠራሁት እንጃ። እሷም ጠራችው። ከሷ አፍ ሲወጣ ሌላ ሰው መሰለኝ፤ ደግሞም እሱ ነው።

ከዚያ ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳበች።

"በተጋባችሁ በሳምንቱ እዚህ መጥቶ ነበር" አለችኝ። "ነግሮሻል?"

"የት?"

"እዚህ። ጉልበቴን ሊስም። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አጥሩ በር ላይ ቆመ። ውሻውን ፍቱት አልኩ።" ጣቷ የሰፌዱን ጠርዝ ይዟል። "አልሮጠም። እጅ ነሥቶ፣ ቀስ ብሎ ሄደ። ውሻው እየነከሰው።"

አልነገረኝም። ያን ቀን ሱሪው ተቀድዶ ነው የገባው። "እሾህ ያዘኝ" ነበር ያለው። እኔም ሰፋሁለት። አራት ዓመት አብሮኝ ሲኖር አንድ ቀን እናትሽ ብሎ በክፉ አላነሣትም። ይኸው ከሞተ በኋላም አዲስ ነገር አወቅሁበት።

"ይቅር በለኝ ሳልለው" አለች። "አሁን ለማን እላለሁ?"

"በትንሣኤ እናገኘዋለን፣ እማዬ። ይህን አንቺም ታምኛለሽ፣ እኔም አምናለሁ።"

"ያኔ ያየኛል?"

"ቀድሞ ጉልበትሽን ነው የሚስመው። እሱን አታውቂውም።"

አለቀስን። ሁለታችንም፣ ጮክ ብለን፤ ጎረቤት ቢሰማም ግድ አልሰጠን። ከዚያ እማዬ ዓይኗን ጠረገች። የቀሚሷን ጫፍ ጎተት አድርጋ ጉልበቷ ላይ አስተካከለች፣ አሁን የሚመጣ ይመስል።

"ያኔ አልመልሰውም" አለች።